ውሃ የማልጠጣበት ቤት

ሐረር በገባን በመጀመሪያው ዓመት ከሁለት ቤት አስወጥተውናል። ሁለቱንም ጊዜ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ አምን ነበር። ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ግን ገና አልጋ ላይ እሸና ነበር።

የመጀመሪያውን ቤት ብዙም አላስታውሰውም። ሁለተኛው ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ ያለች የጓሮ ክፍል ነበረች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጾም የማያፈርሱ፣ መጀመሪያ ላይ እናቴን "ልጄ" እያሉ የሚጠሯት ሴትዮ ናቸው። አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኛ መጡና ደፉን ሳይረግጡ በሩ ላይ ቆሙ። ፍራሼ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። መሐሉ ገና አልደረቀም።

"ሮማነወርቅ፣ እኔ ክፉ ሆኜ አይደለም" አሉ። "ግን ልጆች አሉኝ።"

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። "ማን ነገረዎት?"

"ማንም ይንገረኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደብቆ ሰው ቤት መግባት ነውር አይደለም? በምንቀመጥበት ትቀመጣላችሁ፣ በምንታጠብበት ትታጠባላችሁ። ደግሞ በዘር የሚሄድ ነው ይላሉ።"

"ሐኪሞቹ እንደሱ አይሉም እኮ፣ እትዬ።"

"ሐኪም ምን ያውቃል! እስከ ቅዳሜ ክፍሏን ልቀቂልኝ። ያንንም ፍራሽ ከዚያ አንሺው።"

"ፍራሽ" ሲሉ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ጆሮዬ በእፍረት ጋለ። በዘር የሚሄድ መሆኑን እኔም አውቅ ነበር። የእናቴ ወንድም እስኪያገባ ድረስ ይሸና እንደነበር፣ ትልልቆቹ እየሳቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

ዕቃችንን ስንጠቀልል እናቴ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፍራሹን አጥፋ በገመድ ታስራለች፤ እኔ የገመዱን ጫፍ ይዤ አንገቴን ደፍቻለሁ። የግቢው ልጆች ከሩቅ ቆመው ያዩናል። ትናንት አብረውኝ ሲጫወቱ የነበሩ ናቸው፤ ዛሬ አንዳቸውም አልቀረቡኝም። "ሸትቻቸው ነው" አልኩ በልቤ።

ዛሬ ነገሩን እንደነበረ ማስቀመጥ እችላለሁ። አባቴ ዘውዴ በአሰበ ተፈሪ ከተማ አስተማሪ ነበር። የሥጋ ደዌ ያዘው። ሥራውን ለቆ ከሐረር ወደ ምሥራቅ ባለ አንድ የሕሙማን መንደር ለሕክምና ገባ፤ እናቴም ልትጠይቀው እንዲቀርባት ብላ እኔን ይዛ ሐረር ወረደች። ወይዘሮ ጥሩወርቅ የሰሙት ይህን ነው። የመጀመሪያዋም አከራይ የሰማችው ይህንኑ ነው። በዚያ ዘመን እንኳን የታመመው፣ ሚስቱና ልጁም የተቀመጡበት ወንበር ይታጠባል። ለእኔ ግን የተነገረኝ "አባትሽ ኤረር በኩል የመንግሥት ሥራ ላይ ነው" የሚል ብቻ ነበር፤ እኔም በዚህ እኮራለሁ።

አባቴን በጣም የማስታውሰው ፋኖስ ሲያበራ ነው። የጋለውን የፋኖስ ብርጭቆ በባዶ እጁ ይዞ ያነሳዋል። እናቴ "ዘውዴ፣ እጅህ!" ብላ ስትጮህ መዳፉን ገልብጦ የሰው እጅ እንደሚያይ ያየዋል። እኔ ለልጆች ሁሉ "አባቴን እሳት አያቃጥለውም" ብዬ አወራ ነበር። ጣቶቹ ደንዝዘው እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ያ ጉራዬ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ፊቴን መሸፈን ያምረኛል።

ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ስንቅ ቋጥራ ከኤረር በር በአትክልት ጫኝ መኪና ትሄዳለች፤ እኔን አትወስደኝም። ስትመለስ ልብሷን ሳትቀይርና እስከ ክርኗ ሳትታጠብ አትነካኝም። እኔ መንገዱ አቧራ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። የማትወስደኝም አባቴ ያለበት የመንግሥት ቤት ውስጥ አልጋ እንዳላበላሽ ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሦስተኛውን ቤት ያገኘነው ጀጎል ውስጥ ነው። እናቴ ከግንቡ ውጭ ባለው የክርስቲያን ሠፈር ድጋሚ መከራየት አልፈለገችም፤ ወሬው ቀድሟት እንደሚደርስ አውቃለች። ከፈረስ መጋላ አደባባይ ወደ ግድር መጋላ ገበያ የሚወርደው ጠባብ መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ግራና ቀኙ ልብስ ሰፊ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የስፌት መኪናው ይንጫጫል፤ አላፊው ከሰፊው ጋር በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በዐረብኛ፣ በአማርኛ እየተጯጯኸ ይከራከራል፤ አህያ በጨርቁ መሐል ያልፋል፤ የሳምቡሳ ዘይት ከታች ይሸታል። ከሰፊዎቹ ሱቅ በአንዱ ላይ ጠባብ ፎቅ አለች። ጣሊያን ከመምጣቱ በፊት አንድ የህንድ ነጋዴ ነው ያሠራት ይባላል። ሁለት ክፍል፣ ወደ መንገዱ የወጣ የእንጨት ሰገነት፣ ቀለሙ የተላጠ ሰማያዊ መዝጊያ። ወለሏ ጣውላ ነው።

ባለቤቷ ከኋላ ባለው ግቢ የሚኖሩ ዘምዘም የሚባሉ ሐረሪ ሴት ነበሩ። ሰው ሁሉ አባይ ዘምዘም ይላቸዋል፤ "አባይ" በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። ባላቸው ሞቷል። ሳፊያ የምትባል ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ከታች ያለው ሱቅ ደግሞ የወንድማቸው የሙሳ ነው። አባይ ዘምዘም ለትልቁም ለትንሹም አንተና አንቺ ነው የሚሉት፤ ቁመታቸውና ቀጥ ብለው ማየታቸው እናቴን ገና በመጀመሪያው ቀን አስፈራት።

"ባል አለሽ?" አሏት ደረጃው ላይ ቆመው።

"አለኝ። ኤረር በኩል ሥራ ላይ ነው።"

"ይመጣል?"

"ሲመቸው ይመጣል።"

"ይቺ ልጅ እንዴት ናት? ታበላሻለች?"

"ኧረ እሷስ ምንም አታበላሽም፣ እትዬ።"

እናቴ ለእኔ ስትዋሽልኝ የሰማሁት ያኔ ነው። ወደ መሬት አየሁ። በጣውላዎቹ መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት አለ፤ በክፍተቱ ቁልቁል የሙሳ ጠረጴዛና ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋ ነጭ ሐር ይታያል። የሳፊያ የሠርግ ልብስ ነው። እኔ ከዚህ በላይ ነው የምተኛው።

ፎቋን ወደድኳት። እንደዚያ የወደድኩት ቤት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የለም። ሰገነቱ ላይ ቁጭ ብዬ የሰው ራስ ሲያልፍ ማየት፣ የሙሳ መኪና ሲሄድ እግሬ ሥር ጣውላው ሲርገበገብ፣ የመስጊዱ ጥሪና የደብሩ ደወል አንዱ በአንዱ ላይ ሲደራረብ መስማት። እናቴም የመጀመሪያውን ሳምንት ጸጉሯን ተሠርታ፣ ትንሽ ታንጎራጉር ነበር። ይህን ቤት በእኔ ምክንያት እንዳናጣ የማደርገውን አሰብኩ። ሌላ የማውቀው መድኃኒት ስላልነበረ ውሃ ተውኩ።

ከቀትር በኋላ ምንም አልጠጣም። እናቴ ስትሰጠኝ ጉንጬ ውስጥ ይዤ ሰገነት ላይ እወጣና መንገዱ ላይ እተፋዋለሁ። ወጥ እያለ እንጀራዬን በደረቁ እበላለሁ። ማታ ላይ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። አንዳንድ ሌሊት ሠራልኝ፤ አንዳንድ ሌሊት ያን ሁሉ ጥም ችዬም ረጥቤ እነቃለሁ። ያኔ መጀመሪያ የማደርገው ከፍራሹ ወርጄ በክፍተቱ ቁልቁል ማየት ነው። ነጩ ሐር ላይ ጠብታ ካለ ብዬ።

አባይ ዘምዘም ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያቸው በር ላይ ይጠብቁኝ ጀመር። ከቡና ገለባ አፍልተው ወተት የሚጨምሩበት ሆጃ የሚባል መጠጥ አላቸው። "ለቱ፣ ነይ፣ ሆጃ ጠጪ" አሉኝ አንድ ቀን። ስሜ ለተማርያም ነው፤ ለቱ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸው ገባሁ። ግድግዳው በስፌት አጌጧል፤ ቀይ የተቀባው መደብ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ሲኒውን ሲያቀርቡልኝ እንፋሎቱ አፍንጫዬን ነካኝ፤ ጉሮሮዬ በራሱ ዋጠ።

"አልፈልግም" አልኩ።

በማግስቱም ጠሩኝ፤ "አልፈልግም" አልኩ። በሌላ ቀን ደግሞ ራሳቸው በእጄ ሊያስይዙኝ ሲሉ እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ። አባይ ዘምዘም ሲኒውን እንደያዙ አዩኝ።

"እናትሽ ከልክላሽ ነው?"

ወደ በሩ አየሁ።

"የእስላም ቤት እንዳትቀምሺ ብላሻለች?"

አይደለም ብል "ታዲያ ለምን?" ሊሉኝ ነው። ያን ደግሞ ከምናገር ብሞት ይሻለኛል። አንገቴን ደፋሁ። ሳፊያ የእናቷን ፊት አይታ ሲኒውን ከእጃቸው ተቀበለች።

"እሺ" አሉ አባይ ዘምዘም። "ሂጂ ወደ እናትሽ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ደረጃው ላይ ሰላም ስትላቸው "አልሐምዱሊላህ" ብለው ሳይቆሙ ያልፋሉ። እናቴ ማንጎራጎሯን ተወች። አንድ ከሰዓት ምስር ስትለቅም እጇን አቁማ ለራሷ "አውቀዋል መሰለኝ" አለች። ማን፣ ምን እንዳወቀ አልጠየቅኋትም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። እንግዲህ እንዲህ ነበርን፦ እሳቸው እናቴ ቤታቸውን የተጸየፈች መስሏቸው ተቀይመዋል፤ እናቴ የአባቴን ሕመም የደረሱበት መስሏት ትሸበራለች፤ እኔ ደግሞ ሁለቱም ስለ ፍራሼ የሚያስቡ ይመስለኛል። በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰዎች ነን፤ አንዳችን ሌላውን ብንጠይቅ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ያፈረ ሰው አይጠይቅም።

ሠርጉ ሲቃረብ መኪና ግርግር ይበልጥ ደመቀ። አንድ ከሰዓት ሰገነት ላይ ሆኜ ወደ ታች አየሁ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጨርቅ በብብታቸው ይዘው ሰፊ ሰፊውን እያዩ ይመጣሉ። ቀና አሉና አዩኝ። አፍጥጠው ቆዩ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሙሳ ሱቅ ገቡ። ወለሉ ላይ ተኝቼ ጆሮዬን ክፍተቱ ላይ አደረግሁ።

የሙሳ መኪና ቆመ።

"ከላይ ያሉትን ታውቃቸዋለህ?" የወይዘሮ ጥሩወርቅ ድምፅ ነው። "ከእኔ ቤት ያስወጣኋቸው ናቸው። የተኙበትን ክፍል ደግሜ በኖራ ነው ያስቀባሁት።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያልሰማሁትን ነገር ጨመሩ።

"አቦ! እውነትሽን ነው?"

"ለአንተው ብዬ ነው። ይህን ሁሉ የሰው ልብስ ይዘህ!"

ሙሳ ሱቁን ሳይዘጋ ወደ ግቢው ሮጠ። እኔም በኋላ ደረጃ ወርጄ አባይ ዘምዘም በር አጠገብ ተለጠፍኩ። ወንድምና እህት ሐረሪና አማርኛ እየቀላቀሉ ነው የሚነጋገሩት። የሙሳ ድምፅ ይጮሃል።

"ወላሂ ዛሬውኑ ይውጡ! የሙሽራው ቤተሰብ ይህን ቢሰማ ሳፊያን ማን ይወስዳታል? ከእኛ ጣሪያ ሥር ነው እኮ የሚተኙት!"

"ቀስ በል፣ ሙሳ። ሴትዮዋ ንጹሕ ናት፣ አያለሁ እኮ።"

"ንጹሕ! ይህ ነገር በንጽሕና ይሆናል? ዛሬ አንቺ ውጡ ካላልሻቸው እኔ ዕቃቸውን መንገድ ላይ አወጣዋለሁ።"

ዕቃችን መንገድ ላይ ሲወጣ ታየኝ። ከሁሉም በላይ ፍራሹ፣ በዚያ ሁሉ ሰፊና አላፊ አግዳሚ መሐል። እግሬ እንዴት እንዳስገባኝ አላውቅም።

"አባይ ዘምዘም፣ እናቴን አያስወጧት" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

ሁለቱም ዞሩ።

"አንቺ ምን?"

"እኔ ነኝ የምሸናው። እናቴ ምንም አላደረገችም። ውሃ አልጠጣም እኮ፤ ሆጃውንም ያልጠጣሁት ለሱ ነው። እናቴ አልከለከለችኝም። ጋሽ ሙሳ፣ የሳፊያ ልብስ ላይ አልፈሰሰም፤ ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ማታም መብላት እተዋለሁ…"

ሙሳ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልወጣም። አባይ ዘምዘም መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።  "ያ ረቢ" አሉ፤ ከማድጋው ውሃ ቀድተው ፊቴ ተንበረከኩ።

"ጠጪ።"

"እሸናለሁ።"

"ቤቱ የማን ነው? የእኔ አይደለም? ብትሸኚ በእኔ ቤት ነው የምትሸኚው። ጠጪ!"

ጠጣሁ። ደረቴ ላይ እየፈሰሰ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ ጠጣሁ፤ ደግመው ቀዱልኝ። ሙሳ ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ቆሟል። እኔ በዚያች ደቂቃ ነገሩ ሁሉ አለቀ፣ ዳንን ብዬ ነበር።

አባይ ዘምዘም ሰግደው ሲጨርሱ እጄን ይዘው ወደ ፎቅ ወጡ። እናቴ ስታያቸው ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"ሮማነወርቅ፣ እኔ ልጅሽን ሆጃ እንዳትቀምስ የከለከልሽ መስሎኝ ተቀይሜሽ ነበር። አሁን ነገሩን ነገረችኝ። ይህን አፉ በይኝ።"

እናቴ ምንም እንዳልገባት ወደ እኔ አየች።

"ሌላም የሰማሁት አለ" አሉ አባይ ዘምዘም፤ ድምፃቸው ወረደ። "ለቱ፣ አንቺ ሰገነት ላይ ሁኚ።"

ወጣሁ። በሩ ግን እንደ ቤቱ ሁሉ አርጅቶ አይገጥምም፤ በስንጥቁ ይታያል። ከታች መኪናዎቹ ስለሚንጫጩ ቃላቸውን ቁርጥራጭ ቁርጥራጩን ነው የምሰማው። "…ከመቼ ጀምሮ…" "…ሐኪሞቹ አይተውኛል፣ በእመቤቴ…" "…እኔ አምንሻለሁ፤ ሙሳ ነው…" "…ልጅቷስ…" ከዚያ እናቴ "እንግዲያው ይዩኝ" አለች። ይህን በደንብ ሰማሁት።

እናቴ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቀሚሷን በራሷ ላይ አወለቀች። ብርሃኑ መሐል እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ቆመች። አባይ ዘምዘም ቀርበው ክንዷን አዩ፤ ጀርባዋን፣ ወገቧን አዩ፤ ጸጉሯን ከአንገቷ ላይ ገለጥ አድርገው ከጆሮዋ ኋላ በጣታቸው ጫፍ ነኩ። "ዙሪ" አሏት። እናቴ ዞረች። ዓይኗን ጨፍናለች።

ልክ እየወሰዱላት ነው አልኩ። የምንኖረው ሰፊዎች መሐል ነው፤ ሴት እጇን ዘርግታ ቆማ ስትዞር ስንቴ አይቻለሁ። ለሠርጉ ቀሚስ ሊያሰፉላት ነው! ደስታዬ አፌን ሞላው። እጄን አፌ ላይ አድርጌ ሰገነቱ ላይ ዘለልኩ።

የሠላሳ ዓመት ሴት፣ የአስተማሪ ሚስት፣ ለመጠለያ ስትል ቆዳዋን ለአከራይ አስመረመረች። የሚፈለገው የደነዘዘ፣ የነጣ ቦታ ነበር። እኔ ደግሞ በር ላይ ሆኜ እዘል ነበር።

ሲጠሩኝ እናቴ ቀሚሷን ለብሳ ነጠላዋን አጣፍታለች። አባይ ዘምዘም ሊወጡ ተነስተዋል።

"መቼ ይደርሳል?" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ቀሚሱ ነዋ። እናቴን የለኳት።"

 እናቴ ፍም እንደ ነካት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባይ ዘምዘም ግን እኔን ማየት አልቻሉም፤ ያ ቀጥ ብሎ የሚያይ ዓይናቸው መሬት መሬቱን ሄደ።  ሲወርዱ ደረጃው ላይ ተደናቅፈው ግድግዳውን ሲይዙ ሰማሁ።

በማግስቱ መጥተው በር ላይ ቆመው ተናገሩ። መኖሩን እንኖራለን፤ ነገር ግን ሠርጉ ባለበት ሳምንት ቤት ውስጥ እንዳንታይ። የሙሽራው ዘመዶች ግቢውን ይሞሉታል፤ ወሬው ደርሷቸው ከሆነ ዓይናቸው እኛን ይፈልጋል። "ሙሳን እሺ ያሰኘሁት እስከዚህ ነው" አሉ። "ከዚህ በላይ አቅም አጣሁ፣ እህቴ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለች እናቴ፤ እጃቸውን ስባ ልትስም ጎንበስ አለች። አባይ ዘምዘም እጃቸውን ነጥቀው ወሰዱ። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ዛሬ ድረስ ልሰማው የማልፈልገው ያን ምስጋና ነው።

ለሳምንት የሚያስጠጋን ሰው ሐረር ውስጥ አልነበረንም። ስለዚህ እናቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አባቴ ወሰደችኝ። በጭነት መኪናው ላይ ሆነን የሶፊን የጫት ማሳ አልፈን ቁልቁል ወረድን። ሙቀቱ እየጨመረ መጣ። ትልቅ የመንግሥት ቤትና ባንዲራ ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት በዛፍ መሐል በረድፍ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች፣ የአትክልት ቦታና ብዙ፣ ብዙ ፍራሽ ነበር። ቤቶቹ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ፣ አጥሩ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ፍራሽና አንሶላ ፀሐይ ይሞቃል። አልጋ ልብስ የሚናፈስበት ቀን ሆኖ ነው። እኔ ግን እንደ ሐውልት ቆምኩ። ይህ ሁሉ ሰው! ሽማግሌ፣ ሴት፣ ወጣት፣ ሁሉም!

አባቴ አንድ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀን ነበር። ከስቷል፤ ቅንድቡ ሳስቷል። ጋቢው ውስጥ እጆቹን ደብቋል። ወደ እሱ ስሮጥ "እዚያው፣ እዚያው ሁኚ፣ ልጄ" አለኝና ወደ ወንበሩ ዳር ሸሸ። በሌላው ጫፍ ተቀመጥኩ። ስለ ትምህርት ቤት ጠየቀኝ። መለስኩለት፤ ዓይኔ ግን ፍራሾቹ ላይ ነው። እናቴ ስንቁን ይዛ ወደ ውስጥ ስትገባ ወደ እሱ ዘንበል አልኩ።

"አባዬ፣ የመጣኸው ለዚህ ነው?"

ፊቱ ተለወጠ። "እናትሽ ነገረችሽ?"

"ማንም አልነገረኝም። አየሁት።" ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። "አትፈር። እኔም እሸናለሁ።"

አባቴ መጀመሪያ አልገባውም። እኔን አየ፤ እኔ የማየውን አየ፤ በሣሩ ላይ የተሰጡትን ፍራሾች ሁሉ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ከደረቱ ሳቅ ተነሳ፤ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ሲስቅ ሲስቅ ሳቁ ተሰበረና ፊቱን ጋቢው ውስጥ ቀበረ። እንዲህ የሚያስቀው ነገር አግኝቶ ስለማላውቅ አብሬው ሳቅሁ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል።

"አዎ፣ ልጄ" አለ። "እኔም።"

"ያማል መርፌው?"

"አያምም። ኪኒን ነው። ቀስ ብሎ ይተዋል ይላሉ።"

"ውሃ ጠጣ ብለውሃል?"

"እንደ ልብ።"

 የእኔን እፍረት ተቀብሎ የራሱ አድርጎ ያዘው። ያን ሳምንት እዚያ ለጠያቂ በተሠራች ክፍል አደርን። ሐኪሞቹ እኔንም አዩኝ፤ ምንም አልነበረብኝም።

ስንመለስ ሳፊያ ተድራ ሄዳለች። አባይ ዘምዘም ቁልፉን ሲሰጡን ክፍሉ ተጠርጎ፣ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘነው። ስለ ሠርጉ ምንም አላወሩን። አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ ድኖ ወጣ፤ የሁለት እጁ ጣቶች ግን ታጥፈው ቀሩ። ወደዚያችው ፎቅ መጣ። ማስተማር አልቻለም። ለሰፊዎቹ ማመልከቻና የውል ቃል እየተናገረ እኔ እጽፍለት ነበር። ሙሳ በፊቱ ሲያልፍ ለመጀመሪያዎቹ ወራት የጨርቅ ጥቅል ያነሳል፤ ለሰላምታ የሚጨበጥ ባዶ እጅ እንዳይኖረው ነው። አባቴም ቀድሞ እጁን ዘርግቶ ማንንም አላስጨነቀም። እዚያ ቤት ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ኖርን። እናቴና አባይ ዘምዘም እስከ መጨረሻው ተዋደው ነው የኖሩት። እሳቸው ሲሞቱ እናቴ ከሴቶቹ መሐል ቁጭ ብላ ከልጃቸው እኩል አለቀሰች። ስለዚያ ከሰዓት ግን አንድም ቀን አንስተው አያውቁም።

እኔም በልቤ የያዝኩትን ለእናቴ አልነገርኳትም። የነገርኳት በስተርጅናዋ፣ ድሬዳዋ እኔ ቤት ሳለች ነው። በረንዳ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ከየቤቱ ያስወጣኋችሁ እኔ ይመስለኝ ነበር አልኳት። ስለ ውሃው ነገርኳት። መንገድ ላይ ስለተፋሁት፣ በክፍተቱ ቁልቁል ስለማየው ነጭ ሐር። ልታምነኝ አልቻለችም። ደጋግማ "ውሃ? ውሃ ሳትጠጪ?" አለችኝ። እጄን ይዛ እንደ ሕፃን እጅ አሻሸችው። ቅር ሊለኝ አይገባም ነበር፤ ግን አለኝ።

"ለምን ያኔ እውነቱን አልነገርሽኝም፣ እማዬ? ትንሽ ብትነግሪኝ ኖሮ…"

"አፍሬ ነው።"

"ማንን? ሰዉ ሁሉ አውቆት የለም እንዴ?"

 እጄን አልለቀቀችውም።

"አንቺን" አለች።